ሄልቪ ራውቲዮ ኮንግረስ ልትገባ የተነሳችበት ዓመት

ሄልቪ ራውቲዮ ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በአደባባይ ቆማ ንግግር አድርጋ አታውቅም። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ላይኛው ልሳነ ምድር፣ ታማራክ ፎልስ በምትባል መንደር፣ የአውራጃው በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከመቀመጫው ላይ ሁለት ትራስ ደርባ ነው መሪውን የምትይዘው። ከሩቅ የሚያያት ሰው ያ ሁሉ ብረት ያለ ሹፌር የሚሄድ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከሞተሩ ጋር ነው፤ ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ኦርቪል ስለሚያወራ እሷ ዝም ትላለች። በዚህ ዓይነት ሠላሳ አራት ዓመት በሰላም ኖረዋል።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአጠገባቸው ካለው ትልቅ ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶውን ሲያራግፍባቸው ከርሞ፣ ሄልቪ ዋናውን መንገድ እየጠረገች ሳለ በሬዲዮ ተጠራች። ካሪሳ የምትባል የትምህርት ቤት ጸሐፊ ምጥ ይዟታል። ከመንደሩ ሃያ ደቂቃ የሚርቀው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ከዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቀጥሎ ያለው ዘጠና አምስት ማይል ይርቃል። ስለዚህ ሄልቪ ከፊት እየጠረገች፣ አምቡላንሱ ከኋላ እየተከተለ ጉዞ ተጀመረ።

አርባኛው ማይል ላይ አምቡላንሱ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም፤ ማሞቂያው ግን ሞተ። ሄልቪ በመስተዋቷ መብራቱ ዘንበል ሲል አይታ ኖሮ ያንን ትልቅ መኪና ወደኋላ አስኬዳ ደረሰች። ካሪሳን ተሸክመው፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ያ ብቻ ነበርና፣ ጠራጊው መኪና ላይ አወጧት። የአምቡላንሱ ሠራተኛ ሬይ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አምቡላንሱ ላይ የሚያገለግለው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ያለ ደመወዝ ነው።

«ሬይ፣ ይህን ነገር ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችው ሄልቪ።

«በአሻንጉሊት።»

«እሺ፣ ከኔ ትሻላለህ። እኔ በአሻንጉሊትም አላውቅም።»

ካሪሳ በሁለት ምጥ መሃል፣ «ሁለታችሁም ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። ዝም አሉ። ሄልቪ ካሪሳን ከጀርባዋ ደግፋ ይዛ፣ ሬይ ከኪሱ ያወጣውን የሥልጠና መጽሐፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንዲት ቀይ፣ የተቆጣች ሕፃን ወጣች። ጩኸቷ ከሞተሩ በለጠ። ሄልቪ የራሷን የሱፍ ሹራብ አውልቃ ጠቀለለቻት፤ የቀረውን ሃምሳ አምስት ማይል በሸሚዝ ብቻ ሆና ነዳች፤ ብርዱም አልታወቃት።

በኋላ የካሪሳ እናት፣ «ልጅቷን ሄልቪ ብለን ልንሰይማት ነው» ብላ ስትደውል ሄልቪ ደነገጠች።

«ምን አጠፋች ሕፃኗ? እኔ ራሴ ስድስት ዓመት እስኪሆነኝ መጻፍ አልቻልኩትም። ሌላ ስም ፈልጉላት።»

በጥር ወር የወረዳቸው የኮንግረስ እንደራሴ ጡረታ እንደሚወጡ ተነገረ። ከቢሯቸው አንድ ረዳት መጥቶ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሕዝቡን አነጋገረ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰንጠረዥ አሳየ። ሄልቪ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እጇን ስታነሳ ኦርቪል ሽንት ቤት ልትሄድ ነው ብሎ አሰበ።

«የማዋለጃ ክፍሉ መቼ ይከፈታል?» አለች።

«ወይዘሮ፣ ቁጥሩ አይፈቅድም። በዓመት የሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ ያንሳሉ።»

«ስንት ሲሆኑ ነው ሰው የሚሆኑት?»

ረዳቱ ሰንጠረዡን አጠፈና፣ «ይህን የሚወስነው ኮንግረስ ነው። ሕጉን ለመቀየር እዚያ መቀመጥ ያስፈልጋል» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን መናገሩ ነበር። ሄልቪም እንደ እውነት ነው የወሰደችው።

ከአዳራሹ ሲወጡ ኦርቪል፣ «ጥሩ ተናገርሽ» አላት።

«መወዳደሬ ነው።»

«ምን ላይ?»

«ኮንግረስ ላይ ነዋ! ሰውየው ያለውን አልሰማህም?»

ኦርቪል ተመልሶ አዳራሹን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ቆቡን አስተካከለ። «እንግዲያው እራት ማብሰል ልማር» አለ።

የዘመቻው ኃላፊ የሆነችው በርናዴት ላሳል ናት። በርናዴት በፖስታ ቤት አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደለች፣ ጡረታ የወጣች፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ስትሆን በአምስት አውራጃ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ በቃሏ ታውቃለች። የመጀመሪያው ስብሰባ በሄልቪ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደረገ። በርናዴት እስክሪብቶ አውጥታ፣ «ዓላማሽ ምንድን ነው? በአጭሩ» አለች።

«ማንኛዋም እናት ከቤቷ አንድ ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ላይ የምትወልድበት ቦታ ይኑራት። ትንሽ ሆስፒታል የሚወለደው ቢያንስበትም መንግሥት ደግፎ ክፍሉን ያቆየው።»

«አንድ። ሁለተኛው?»

«የገጠር አምቡላንስ ሠራተኛ ደመወዝ ያግኝ። ሬይ ከኛ ጋር በዋለበት ቀን የራሱ ሥራ ቀርቶበታል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሁለት ይበቃል።»

«ሁለት ያለው ተወዳዳሪ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው፣ የትንንሽ መንደር ፖስታ ቤቶች አይዘጉ።»

«ይሄ ያንቺ ነው በርናዴት።»

«እና አንቺን ማን ጠየቀሽ? ጻፍኩት አለቀ።»

በምርጫ ወረቀቱ ላይ ስሟ እንዲሰፍር ሺህ ፊርማ ያስፈልጋል። ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ አሣ የሚበላበት አዳራሽ፣ የቢንጎ ጨዋታው፣ የቤተ ክርስቲያኗ የግቢ ባዛር ሳይቀር የበርናዴት ወረቀት ያልዞረበት የለም። ኦርቪል ደግሞ በረዶ የሆነውን ሐይቅ በስተው አሣ የሚያጠምዱትን ወንዶች ተረከበ። ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሲሄድ እስክሪብቶው በብርድ ይደርቅበታል። መላ ዘየደ፤ አምስት እስክሪብቶ በብብቱ ይዞ መዞር ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ሙቅ እስክሪብቶ ሲቀበል፣ «ይህ ከየት ነው የወጣው?» ብሎ ጠየቀ።

«ብትፈርም ይሻልሃል» አለው ኦርቪል።

በሚያዝያ ወር ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ አስገቡ።

የፓርቲዋ ዕጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ በነሐሴ ነው፤ ያሸነፈው በኅዳር ለዋናው ምርጫ ይቀርባል። ተፎካካሪዋ ፕሬስተን ሆልዋርድ ይባላል፤ በወረዳው ትልቁ ከተማ ጠበቃ፣ አርባ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ድምፁ ሬዲዮ የሚመስል ሰው። በየመንገዱ ፎቶው ተሰቅሏል፤ በቴሌቪዥን ውሻውን አስከትሎ ይሄዳል። በርናዴት ይህን ስታይ፣ «ውሻ አምጪ» አለች። ሄልቪ ውሻ የላትም። የጎረቤታቸውን ውሻ ለፎቶ ተዋሱ፤ ውሻው ግን ካሜራውን ሲያይ ተኝቶ እንቢ አለ። ፎቶው ላይ ሄልቪ ብቻዋን ናት፣ ከታች አንድ ጭራ ይታያል።

የመጀመሪያ ንግግሯ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰማንያ ሰው ተቀምጧል። ሄልቪ ወረቀቷን ዘረጋች፤ ፊደሎቹ ዋኙባት። «ደህና ዋላችሁ» አለች። ከዚያ ምንም አልመጣም። በርናዴት ከጎን «እናቶች! እናቶች!» እያለች ብታንሾካሹክም የሄልቪ ጆሮ ተደፍኗል። ትታ ወደ መኪናዋ ለመሄድ አንድ እግሯን ባነሳችበት ቅጽበት ከመሃል አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ጥር መንገድ ዳር የተከልኩትን የፖስታ ሳጥኔን በበረዶ ጠራጊ መኪና ገጭቶ የጣለው ማነው?»

ሁሉም ዞረው አዩ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ጡንቸኛ ሰው ነው። ሄልቪ አየችው።

«በጥድ መንገድ፣ ሰማያዊው ቤት?»

«እሱ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

«ካቻምናም?»

«ካቻምናም እኔ ነኝ። ቀይ የነበረውን ጊዜም እኔ ነኝ። ይቅርታ። ያንተ ሳጥን ወደ መንገዱ ይወጣል እንጂ እኔ ወደሱ አልሄድም፤ ግን ይቅርታ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተነስቶ፣ «የኔንስ?» አለ፤ ሌላዋም «የኔ እኮ ባሌ የሠራው ነበር!» ብላ ጮኸች። ሄልቪ አንድ በአንድ አመነች። ሁለቱን ግን «እሱን የጣለው ሌላው ሹፌር ነው፤ የሰው ኃጢአት አልሸከምም» ብላ መለሰች። ሳቁ ሲበርድ ምላሷ ተፈትቶ ነበር። ስለ ካሪሳ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሬይና ስለ አሻንጉሊቱ ነገረቻቸው። ወረቀቷን አላየችም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገረች፤ ስትጨርስ ባለ ጢሙ ሰውዬ መጀመሪያ ተነስቶ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ በየሄደችበት ሕዝቡ የሳጥን ኑዛዜ ይጠብቃል። ኦርቪልም መዶሻና ሳንቃ በመኪናው ጭኖ፣ ሄልቪ በአዳራሽ ስትናገር እሱ ውጭ የፖስታ ሳጥን ያቆማል። በሰኔና በሐምሌ ብቻ ስልሳ ሰባት ተከለ። ሄልቪ ጠርጋ የማታውቃቸው አውራጃዎች ሳይቀሩ «ለጥንቃቄ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

የነጻነት ቀን ሰልፍ ሲመጣ በርናዴት ጠራጊውን መኪና አውጥታ ሕፃናት ልትጭንበት አሰበች። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ግን የመንግሥት ንብረት ለምርጫ አይወጣም አለ፤ ትክክልም ነው። «እንግዲያው በእጃችን እንጠርጋለን» አለች ሄልቪ። አሥራ አራት ሴቶች ተሰበሰቡ፤ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ፣ ሁለት ነርሶች፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆናት የኦርቪል አክስት ኤልና፣ ካሪሳም ልጇን ከደረቷ አስራ። ሁሉም የበረዶ አካፋ ያዙ። ሦስት ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተለማመዱ።

የዚያን ቀን ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። በዋናው መንገድ መሃል አሥራ አራት ሴት የሱፍ ኮፍያ አጥልቃ በሁለት ረድፍ ብቅ ስትል ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። በርናዴት ከፊት ፊሽካ ነፋች። አካፋ ወደ ቀኝ! አካፋ ወደ ግራ! የሌለውን በረዶ ዛቁ፣ በትከሻቸው ላይ ወደኋላ ወረወሩ፣ ዞሩ፣ አካፋ ከአካፋ አጋጩ። ኤልና መዞሩን ረስታ ብቻዋን ቀጥ ብላ ሄደች፤ ፖሊሱ በክብር ክንዷን ይዞ መለሳት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። ፕሬስተን ሆልዋርድ ከኋላቸው በተሸለመ ክፍት መኪና ይመጣ ነበር፤ ማንም አላየውም። እሱም እየሳቀ ያጨበጭብ እንደነበር ሄልቪ ከጊዜ በኋላ ነው የሰማችው።

በክርክሩ ላይ ግን ፕሬስተን በለጣት፤ ይህን ራሷም አትክድም። የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰዓት ሰጥቷቸው ነበር። እሱ ስለ ግብር፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ማዕድን ተጠይቆ በቅደም ተከተል መለሰ። እሷ ስለ ግብሩ ስትጠየቅ፣ «እሱን ገና አልደረስኩበትም፣ እያነበብኩ ነው» አለች።

«ወይዘሮ ራውቲዮ» አላት ፕሬስተን በትሕትና፣ «መራጩ እስኪያነቡ መጠበቅ አለበት?»

«አንተስ የማዋለጃ ክፍሉን ጉዳይ አንብበሃል?»

«በበቂ ሁኔታ አይደለም» አለ ፕሬስተን። ሄልቪ በዚያ ሰዓት ወደደችው፤ ይህንንም ለበርናዴት ብትነግራት በርናዴት እስከ ቤት ድረስ አላናገረቻትም።

በምርጫው ቀን ሄልቪ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መረጠች። በወረቀቱ ላይ የራሷን ስም ስታይ ፊቷ ጋለና ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ኦርቪል ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍላቸውን፣ አሞቀ። ሄልቪ አካሏ ቲማቲም እስኪመስል ተቀምጣ፣ ከቤታቸው በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ዘላ ገብታ፣ በሥጋና በድንች የተሞላ ፓስቲ የሚባል ጥቅል ዳቦ በላች፤ ስልኳን አጥፍታም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛች። «ውጤቱ እኔ ነቃሁ ተኛሁ አይለወጥም» አለች። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከጥር ወዲህ ተኝታ አታውቅም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርናዴት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ትናንት የለበሰችው ልብስ ላይዋ ላይ ነው።

«ተሸነፍን» አለች።

«በስንት?»

«እሱ ሃምሳ ስምንት ከመቶ፣ አንቺ አርባ ሁለት። ሦስት አውራጃ አሸንፈሻል። ታማራክ ፎልስ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ለዘጠኝ።»

ሄልቪ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ አለች። «ዘጠኙ እነማን ናቸው?»

«አምስቱን አውቃቸዋለሁ፣ አራቱን እየተከታተልኩ ነው።»

ሄልቪ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ብዙ አይደለም። ኦርቪል መጥቶ እጁን ከጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኳን ከፍታ፣ ራሷ ፕሬስተን ጋ ደወለች። ወዲያው አነሳው።

«እንኳን ደስ አለህ። ሄልቪ ነኝ።»

«ወይዘሮ ራውቲዮ! ሌሊቱን ሙሉ ስደውልልዎ ነበር። ታመሙ ብዬ ሰጋሁ።»

«ተኝቼ ነው።»

ከመስመሩ ወዲያ ሳቅ መጣ። «እኔ ዓይኔን አልከደንኩም። እርስዎ አርባ ሁለት ከመቶ ያገኛሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ልንገርዎ፣ አስፈራርተውኛል።»

ስልኩን ስትዘጋ ግቢው ሞልቶ ነበር። የአካፋ ሴቶቹ ሁሉ፣ ሬይ፣ ባለ ጢሙ ሰውዬ፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ የመጡ የማታውቃቸው ሰዎች። ማንንም ኑልኝ አላለችም። ፓንኬክና ብሉቤሪ፣ በጭስ የበሰለ አሣ፣ አንድ ሙሉ ባልዲ የድንች ሰላጣ ይዘው መጥተዋል። አክስት ኤልና አኮርዲዮን ከነሳጥኑ አምጥታለች። ለቅሶ ቤት የመጡ መስለው ነው የገቡት፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ ይጨፈር ነበር። ሬይ የቧንቧ ሥራ እየጠበቁት ያሉ ሰዎች ሲደውሉለት፣ «ምርጫ ተሸንፈን በዓል ላይ ነን፣ ነገ» ይላቸዋል።

በመስከረም ፕሬስተን ብቻውን መኪናውን እየነዳ መጣ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ ፓስቲ አቀረበችለት፣ እስኪጨርስ ምንም አላለችም።

«በኅዳሩ ምርጫ ድጋፍዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

ሄልቪ ከመሳቢያው ያንን የበርናዴት ወረቀት አውጥታ ገፋችለት። አነበበው። «የመጀመሪያውን አንብቤዋለሁ፣ አሁን በደንብ። እታገልበታለሁ። ሁለተኛውንም።»

ከምድጃው አጠገብ ድምፅ መጣ። በርናዴት ናት። «ሦስተኛው ያንተን ዓይን አልሞላም?»

ፕሬስተን እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ሦስተኛውንም።»

«ጻፈው፤ ፈርምበት» አለች በርናዴት። ጻፈ፣ ፈረመ። በኅዳር አሸነፈ።

በተከታዩ ጥር ፕሬስተን፣ ስለ ገጠር እናቶች በሚመክር የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቃሏን እንድትሰጥ ሄልቪን ዋሽንግተን ጠራት። በርናዴት ተከትላት ሄደች። በደረሱበት ምሽት ሁለት ጣት የማይሞላ በረዶ ጣለ፤ ጠዋት ሲነሱ ትምህርት ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ስብሰባውም ተዘግቷል። ሄልቪ ከሆቴሉ መስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «ምን ሆነው ነው?» አለች።

«በረዶ ጥሎ።»

«የቱ?»

በርናዴት በጣቷ አሳየቻት። ሁለቱም አልጋው ላይ ወድቀው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወርደው፣ ከሆቴሉ ዘበኛ መጥረጊያ ተውሰው፣ የመግቢያውን ደረጃ ጠረጉለት። ዘበኛው ሻይ ጋበዛቸው። ሁለት ቀን ተጨማሪ ስለቆዩ ከተማውን በእግራቸው ዞሩት፤ ሄልቪ ጫማዋ እግሯን ሲልጣት በካልሲ ሙዚየም ገባች።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ተከፈተ። አምስት ደቂቃ ተሰጣት። ከፊቷ ጥቁር ማይክሮፎን፣ ከላይ ረድፍ ሙሉ ፊቶች አሉ። ፕሬስተን ጥጉ ላይ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀላት። ስለዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ ስለ ዘጠና አምስቱ ማይል ተናገረች፤ አምስተኛው ደቂቃ አልቆ ቀዩ መብራት በራ። አቋረጠች።

መሃል የተቀመጡት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀጥዪ እባክሽ» አሏት፤ «ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለች ሄልቪ። «አራት ጥርስ አብቅላለች። ትናከሳለች።»

የማዋለጃ ክፍሎችን የሚደግፈው ረቂቅ ሕግ ገና ኮሚቴው ላይ ነው። በዚያው ጸደይ ግን የቅርባቸው ሆስፒታል በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት አዋላጅ ነርስ አስገባ፤ በሰኔ ወር በአካባቢው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ተወለዱ፤ መንታ ወንዶች ናቸው። ሄልቪ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር አርባ ደቂቃ ተሰልፋ ጠበቀች፤ ተራዋ ሲደርስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አቀፈች።